እግርን በቀላል ሸክም ማጠንከር፦ የደም ፍሰትን በከፊል በመግታት የሚሠራው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ

ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል። ከሕንፃዎቹ ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። በላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ዳቦ ገዝቶ ለመመለስም ሆነ ውኃ በተቋረጠ ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ለመውጣት የሚመካው በጭኑ ጡንቻ ነው። ጉልበቱን የሚያመው፣ ተሰብሮ የነበረ እግሩ ከጄሶ የወጣለት ወይም ዕድሜው የገፋ ነዋሪ ደረጃው የቤቱ በር ሆኖ ይዘጋበታል።

ገበሬውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በመኸር ወቅት ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ እግሩ የተሰበረ አራሽ አጥንቱ ቢገጥምለትም ሞፈርና ቀንበር ይዞ ቀኑን ሙሉ በሬ መከተል የሚችለው ጡንቻው ሲመለስለት ነው። አጥንቱ ድኖ ጭኑ የሰለለ ሰው ክረምቱ ሲገባ መሬቱን ለየእኩል አራሽ ለመስጠት ይገደዳል።

ለእነዚህ ሰዎች ሐኪሙ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ጡንቻህን አጠንክር» የሚል ነው። ችግሩ ጡንቻን ለማጠንከር የታወቀው መንገድ ከባድ ክብደት ማንሳት መሆኑ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሳው ከሚችለው ከፍተኛ ክብደት 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ሸክም ያስፈልጋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። የታመመ ጉልበት ወይም አዲስ የገጠመ አጥንት ይህን ሸክም አይችልም። በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ መለኪያ ተገጥሞ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው በሜዳ ስንራመድ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት 2 እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ደረጃ ስንወጣ ከ3 እጥፍ ያልፋል፤ ስንወርድ ደግሞ ይብሳል። ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይልቅ ጉልበትን የሚያሳምማቸው ሰዎች ቅሬታ መሠረት ያለው ነው።

ባለፉት 30 ዓመታት በሌሎች አገሮች የማገገሚያ ክፍሎች እየተስፋፋ የመጣ አንድ ዘዴ ለዚህ ችግር ሌላ መንገድ ያቀርባል። በጭን የላይኛው ክፍል በአየር የሚነፋ ቀበቶ ታስሮ ወደ እግር የሚወርደው ደም በከፊል ሲቀንስ፣ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደግሞ ይበልጥ ይታገዳል። ሰውየው በዚህ ሁኔታ ሆኖ በጣም ቀላል ክብደት ያነሳል። ሸክሙ ከከፍተኛ አቅሙ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአንድ እግሩ 40 ኪሎ ግራም መግፋት ለሚችል ሰው ከ8 እስከ 16 ኪሎ ግራም ማለት ነው።

የዘዴው አጀማመር

ዘዴው የተወለደው በጃፓን ነው። እ.አ.አ በ1966 ዮሺያኪ ሳቶ የተባሉ የ18 ዓመት ወጣት በአንድ የቡድሂስት መታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ እንደ አገራቸው ወግ ተንበርክከው፣ ተረከዛቸው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። እግራቸው ደንዝዞ ሲያሹት ባታቸው ልክ ከባድ ክብደት አንስተው እንደጨረሱ ተወጥሮ አገኙት። የደም ፍሰት መታገዱ ይሆን ይህን ያመጣው? ወጣቱ ይህን ጥያቄ ይዘው በብስክሌት ካላማዳሪ፣ በገመድና በቀበቶ ለዓመታት በራሳቸው ላይ ሙከራ አደረጉ። እ.አ.አ በ1973 በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። በጄሶ ላይ እያሉ ጭናቸውን እያሰሩና እየፈቱ ጡንቻቸው እንዳይሟሽሽ ማድረጋቸውን ተናግረዋል። በ1980ዎቹ ዘዴውን «ካትሱ» በሚል ስም ለሕዝብ አስተዋወቁ፤ ትርጉሙ «ተጨማሪ ግፊት» እንደማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ሳቶ በሙከራ ዘመናቸው የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ሄዶ ሆስፒታል ገብተዋል። የዘዴው አባት የዘዴው የመጀመሪያ ተጎጂም ነበሩ ማለት ይቻላል። በዘፈቀደ በገመድና በካላማዳሪ ከማሰር ግፊቱ ወደሚለካ መሣሪያ የተሸጋገሩትም ያለ ምክንያት አይደለም።

በጡንቻ ውስጥ ምን ይከናወናል?

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርደው በደም ቅዳ ቧንቧ፣ የሚመለሰው በደም መልስ ቧንቧ ነው። ደም ቅዳው ወፍራም ግድግዳ ያለውና በጥልቀት የሚያልፍ ሲሆን ደም መልሱ ስስና በቀላሉ የሚጨፈለቅ ነው። ስለዚህ መጠነኛ ግፊት ያለው ቀበቶ ጭን ላይ ሲታሰር መመለሻው አስቀድሞ ይዘጋል፤ መግቢያው ግን በከፊል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ነገሩ ከመስኖ ቦይ ጋር ይመሳሰላል፤ ውኃ ወደ እርሻው በትንሹ እየገባ መውጫው ሲደፈን እርሻው ይሞላል።

በዚህ ጊዜ የሚሠራው ጡንቻ ኦክስጅን ያጥረዋል። የሥራው ትርፍ የሆኑት ላክቲክ አሲድና ሌሎች ነገሮች ተጠርገው አይወጡም። ጡንቻ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። አንደኞቹ ቀስ ብለው የሚሠሩ፣ ኦክስጅን የሚፈልጉና ለረጅም ጉዞ የሚያገለግሉ ናቸው። ሁለተኞቹ ወፍራምና ኃይለኛ ሲሆኑ ከባድ ነገር ስናነሳ ብቻ የሚጠሩ ናቸው። ኦክስጅን ሲያጥር የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ይደክማሉ፤ ነርቭም ሸክሙ ቀላል ቢሆንም ኃይለኞቹን ክሮች ወደ ሥራ ይጠራል። የጡንቻው ሴሎችም በፈሳሽ ያብጣሉ። አዲስ ፕሮቲን የሚገነባው የሴል ሥርዓትም ይነቃል። በእንዲህ ያለ ሥልጠና ማግስት የጡንቻ ፕሮቲን ግንባታ መጨመሩ ከጡንቻ በተወሰደ ናሙና ተረጋግጧል።

መሣሪያውን የሚሸጡ ወገኖች «የዕድገት ሆርሞንን በብዙ እጥፍ ይጨምራል» እያሉ ያስተዋውቃሉ። ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ መጨመሩ እውነት ነው። ጡንቻን የሚያሳድገው ይህ ጭማሪ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። አንባቢ በዚህ ማስታወቂያ ተስቦ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል።

ጥናቶቹ ምን ያህል ይደግፉታል?

እግር ሥራ ሲፈታ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማወቅ የዘዴውን ጥቅም ለመመዘን ይረዳል። ጤነኛ ወጣት ወንዶች አንድ እግራቸው በጄሶ ታስሮ በተደረገ ጥናት በ5 ቀናት ብቻ የጭን ጡንቻቸው ስፋት በ3.5 በመቶ፣ ጉልበታቸው ደግሞ በ9 በመቶ ቀንሷል። በ14 ቀናት ስፋቱ በ8.4 በመቶ፣ ጉልበቱ በ23 በመቶ ወርዷል። በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ መልሶ መገንባቱ ይበልጥ ይከብዳል።

እ.አ.አ በ2006 የታተመ የጃፓን ጥናት በቀበቶ ታግዞ መራመድ ብቻውን ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በደቂቃ 50 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር በሆነ ዝግተኛ እርምጃ ለ2 ደቂቃ ይራመዱና ለ1 ደቂቃ ያርፋሉ፤ ይህንንም 5 ጊዜ ይደጋግሙታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ3 ሳምንት ከሠሩ በኋላ የጭናቸው ጡንቻ ከ4 እስከ 7 በመቶ፣ ጉልበታቸው ከ8 እስከ 10 በመቶ ጨመረ። ያለ ቀበቶ ተመሳሳይ እርምጃ የተራመዱት ለውጥ አላሳዩም።

ለቦሌ አራብሳ ደረጃ ወጪዎች ይበልጥ የሚቀርበው በብራዚል የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ባለባቸው 48 ሴቶች ላይ የተሠራውና እ.አ.አ በ2018 የታተመው ጥናት ነው። ሴቶቹ በሦስት ተከፍለው ለ12 ሳምንት ሠለጠኑ፤ አንዱ ቡድን በከባድ ክብደት፣ አንዱ በቀላል ክብደት፣ ሌላው በቀላል ክብደትና በቀበቶ። በቀበቶ የሠሩት በጉልበትም ሆነ በጡንቻ መጠን ከከባድ ክብደት አንሺዎቹ ጋር ተቀራራቢ ለውጥ አገኙ። ከባድ ክብደት ከሚያነሱት መካከል ግን 4ቱ በጉልበት ሕመም ምክንያት ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው።

የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎች ሚዛናዊ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። በቀበቶ የታገዘ ቀላል ክብደት ያለ ቀበቶ ከሚነሳ ቀላል ክብደት ይሻላል። ጉልበትን በመጨመር ረገድ ግን ከባድ ክብደትን አያህልም። ስለዚህ ዘዴው ከባድ ማንሳት ለማይችል ሰው የተዘጋጀ ድልድይ ነው። ጤነኛ ሆኖ ከባድ ነገር ማንሳት የሚችል ወጣት ምንም አያስፈልገውም።

በባለሙያ እጅ እንዴት ይሠራል?

የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2019 በጋራ ያወጡት መመሪያ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ባለሙያው በመጀመሪያ ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ሙሉ በሙሉ የሚቆምበትን ግፊት በዶፕለር መሣሪያ ይለካል። ከዚያም ከዚህ ግፊት ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ይጠቀማል። ደሙ የሚቆመው በ180 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሆነ በ50 በመቶ ሲሰላ ቀበቶው የሚነፋው እስከ 90 ነው። ይህ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። ወፍራም ጭን ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ ሰፊ ቀበቶ ከጠባቡ ባነሰ ግፊት ደምን ያቆማል። ለአንዱ ልክ የሆነው ግፊት ለሌላው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንቅስቃሴው ተቀምጦ ጉልበትን መዘርጋት፣ በእግር መግፋት ወይም በከፊል ቁጢጥ ማለት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር 30 ጊዜ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ዙሮች 15፣ 15 ጊዜ፣ በድምሩ 75 ጊዜ ይሠራል። በየዙሩ መካከል ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ቀበቶው በዕረፍቱ ጊዜ ታስሮ ሊቆይ ይችላል፤ 75ቱ ሲያልቅ ግን ወዲያው ይፈታል። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይደገማል። መጨረሻ ላይ ጭኑ እንደሚቃጠል ዓይነት ስሜት ይሰማል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። መደንዘዝ፣ መርፌ መውጋት የመሰለ ስሜት ወይም የእግር ጣቶች መገርጣት ግን የሚጠበቅ አይደለም፤ ቀበቶው በዚያው ቅጽበት ይፈታል።

ገና በአልጋ ላይ ላለና እግሩን ማንቀሳቀስ ለማይችል ታካሚ ያለ እንቅስቃሴ ለ5 ደቂቃ አስሮ መፍታትና መድገምም አለ። ይህ ጡንቻን አይገነባም፤ የሚሟሽሽበትን ፍጥነት ይቀንሳል። የሚሠራውም በሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ ማሰር ለምን ያሰጋል?

በኢትዮጵያ «እግርን አስሮ» የሚለው ቃል ብቻውን ጥንቃቄን ይጠይቃል። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ደም ተቋርጦበት፣ ጋንግሪን ይዞት መቆረጡ በአገራችን ሆስፒታሎች በተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። እባብ የነደፈውን እግር በገመድ አጥብቆ ማሰርም እንዲሁ ስንቱን አካል ጉዳተኛ አድርጓል። ደም ሙሉ በሙሉ የተቋረጠበት ጡንቻ ከ2 ሰዓት በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ 6 ሰዓት ሲያልፍ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ጭኑን በነጠላ፣ በገመድ፣ በጎማ ወይም በካላማዳሪ የሚያስር ሰው ዘዴውን አልተከተለም። ጠባብ ገመድ ግፊቱ አይታወቅም፤ ነርቭንም በአንድ መስመር ይጨፈልቃል። ለክንድ የተሠራው የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅም ለጭን አይበቃም። አንዳንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ልዩ መሣሪያ በሌለበት ለጭን የተሠራውን ሰፊ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ይጠቀማሉ፤ ይህም ቢሆን በእነርሱ እጅ ነው።

በሠለጠነ ሰው ክትትል ሥር እንኳ ዘዴው ከጉዳት ነፃ አይደለም። በጃፓን ከ12 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎችን የሸፈነ ጥናት እንዳሳየው 13 በመቶ ያህሉ ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር፣ 1.3 በመቶው ጊዜያዊ መደንዘዝ አጋጥሟቸዋል። የደም መርጋት የደረሰባቸው ከ1 ሺህ ሰዎች ከአንድ በታች ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የተገኘው ግፊት በሚለካ መሣሪያና በአሠልጣኝ ክትትል በተሠራ ሥልጠና መሆኑ መረሳት የለበትም።

ቀድሞ የደም መርጋት የነበረባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱ እናቶች፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ በእግራቸው ላይ ያበጠ የደም ሥር ወይም ቁስል ያላቸው፣ የካንሰር ታካሚዎች እንዲሁም የስኳር ሕመም የእግራቸውን ስሜት ወይም የደም ዝውውር የጎዳባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያያቸው ሊሞክሩት አይገባም። በምሥራቅ ጎጃምና በሌሎች ደጋማ ቀይ አፈር አካባቢዎች ያለ ጫማ ሲያርሱ በኖሩ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር እብጠት ያለበት ሰውም እግሩን ማሰር የለበትም፤ መመለሻ መስመሩ ቀድሞውንም ተጎድቷል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ይህንኑ አስቀድመው መናገር አለባቸው።

ከሥልጠናው በኋላ ባቱ በአንድ ወገን አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የደም መርጋትን፣ የመጨረሻው ደግሞ ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊትን ማስቸገሩን ሊያመለክቱ ይችላሉ።

መሣሪያ በሌለበት

ዘዴው የሚፈልገው ባለሙያ በየቀበሌው አይገኝም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በመስጠት ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በብዛት ያለው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። በባሕር ዳርና በደሴ የሚገኙት የአካል ማገገሚያ ማዕከላትም እጅና እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች አገልግሎት ይሰጣሉ። ከጄሶ የወጣ ታካሚ ከጤና ጣቢያ ወደ እነዚህ ተቋማት የሪፈር ወረቀት መጠየቅ መብቱ ነው፤ ብዙዎች ግን «አጥንቱ ገጥሟል» ከተባሉ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዱና እዚያው ይቀራሉ።

ቀበቶ ለሌለው ሰው መልካም ዜና አለ። በካናዳ በወጣት ወንዶች ላይ የተደረገና እ.አ.አ በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀላል ክብደት እስከ ድካም ጫፍ ድረስ ከተነሳ፣ ያለ ምንም ቀበቶም ቢሆን፣ ጡንቻን ከከባድ ክብደት ባልተናነሰ ያሳድጋል። ጉልበትን በመጨመር ግን ከባዱ ይበልጣል። ቀበቶው የሚያሳጥረው ወደ ድካም የሚወስደውን መንገድ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ እግሩ ላይ እንዲቆም የፈቀደለት ሰው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ መነሳትና ይበልጥ ቀስ ብሎ መቀመጥ ይችላል። ጭኑ «በቃኝ» እስኪል መድገም፣ አንድ ደቂቃ አርፎ ሦስት ዙር መሥራት፣ ይህንንም አንድ ቀን እየዘለሉ መቀጠል ነው። በገጠር ለዚህ መደብ ይበቃል። በጋራ መኖሪያ ቤት ደግሞ የደረጃው መደገፊያ ብረት ተይዞ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ «መንገድ ለሰው» በሚባለው መርሐ ግብር መንገዶች ለመኪና ተዘግተው የሚደረገው የጋራ ስፖርት ለልብና ለሳንባ ይጠቅማል፤ የሟሸሸ ጭን ግን ከሩጫ ይልቅ ይህን ዝግተኛ መነሳትና መቀመጥ ይፈልጋል።

ጡንቻ የሚገነባው ከምግብ ነው። ከጉዳት የሚያገግም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ከ70 ግራም በላይ ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በጾም ወራት እንቁላልና ወተት ስለማይኖር ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ከማዕድ መቅረብ አለባቸው፤ እንጀራው በዝቶ ወጡ ቀጥኖ የሚቀርብ ማዕድ ሆድ ቢሞላም ጭን አይሞላም።

ለውጡን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጅን ሳይጠቀሙ ከወንበር ስንት ጊዜ መነሳት እንደተቻለ መቁጠርና መመዝገብ በቂ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 64 ለሆኑ ወንዶች ከ14 በታች፣ ለሴቶች ከ12 በታች ከአማካይ ያነሰ ተብሎ ይወሰዳል። ቁጥሩ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ወንበር ይለካል። በመደበኛነት ተሠርቶ ከ4 ሳምንት በኋላ ምንም ካልጨመረ፣ ወይም የተጎዳው እግር ጭን ከሌላው አንጻር እየቀጠነ ከሄደ፣ ጉዳዩ ጡንቻ ብቻ ላይሆን ስለሚችል ነርቩንና መገጣጠሚያውን የሚያይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።